87 ድምፅ፦ የፔሩ ፕሬዚዳንቶች ለምን አይሰነብቱም

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2026 የፔሩ ኮንግረስ ሆሴ ሄሪን በ75 ድምፅ ከሥልጣን አወረደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሄሪ ቤተ መንግሥት የቆዩት አራት ወር ከጥቂት ቀን ነው። በማግስቱ የቀድሞው ዳኛ ሆሴ ማሪያ ባልካሳር ቦታቸውን ያዙ፤ ከጁላይ 2016 ወዲህ ስምንተኛው ፕሬዚዳንት መሆናቸው ነው። ስምንት መሪ በአሥር ዓመት ያስገርማል፤ ነገሩን ለሚከታተል ሰው ግን ይበልጥ የምትከነክነው 75 የምትለዋ ቁጥር ናት። የፔሩ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት ለማንሣት የሚጠይቀው 87 ድምፅ ነውና።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ሙስና ነው። ሙስናው የፈጠራ ወሬ አይደለም። በሊማ ምሥራቃዊ ዳር፣ አቴ በሚባለው ወረዳ፣ ባርባዲዮ የሚሉት ትንሽ እስር ቤት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ማቆያ ሆኗል። አሌሃንድሮ ቶሌዶ 20 ዓመት ከስድስት ወር፣ ኦሊያንታ ኡማላ 15 ዓመት፣ ማርቲን ቪዝካራ 14 ዓመት፣ ፔድሮ ካስቲዮ 11 ዓመት ከአምስት ወር ተፈርዶባቸዋል። አላን ጋርሲያ በ2019 ፖሊስ ሊይዛቸው ሲመጣ ራሳቸውን አጠፉ። ነገር ግን ሙስና አንድ መሪ ለምን እንደሚከሰስ እንጂ ለምን በአንድ ሌሊት ወንበሩን እንደሚያጣ አያስረዳም። ያንን የሚያስረዳው የ1993ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ሰነዱ ለመጨረሻ ክፉ ቀን የታሰቡ መሣሪያዎችን ለቤተ መንግሥቱም ለኮንግረሱም አስታጠቀ፤ ኋላ የአንደኛው ወገን መሣሪያ ሲነጠቅ የሌላው ባለበት ቀረ።

ግማሽ ፕሬዚዳንታዊ፣ ግማሽ ፓርላማዊ

በወረቀት ላይ ፔሩ እንደ ጎረቤቶቿ ፕሬዚዳንታዊ ሪፐብሊክ ናት። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ለአምስት ዓመት ይመርጣል፤ ፕሬዚዳንቱ ተከታትሎ ለሁለተኛ ዘመን መወዳደር አይችልም። በዚህ ላይ ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የፓርላማ ሥርዓት ዕቃዎች ሲደራረቡ ኖረዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የሚባል ሹም አለ፤ በአጭሩ "ፕሬሚየር" ይሉታል። ቃሉን "ጠቅላይ ሚኒስትር" ብሎ የሚተረጉም አንባቢ ይሳሳታል። ይህን ሰው የሚሾመውም የሚሽረውም ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ዋና ሥራው በቤተ መንግሥቱና በኮንግረሱ መካከል ቆሞ ዱላውን መቀበል ነው። ኮንግረሱ ከጠቅላላ አባላቱ በግማሽ በላይ፣ ማለትም በ66 ድምፅ፣ ፕሬሚየሩን ወይም አንድን ሚኒስትር ለብቻው ነቅፎ ማስወጣት ይችላል። ካስቲዮ 17 ወር ባልሞላ ሥልጣናቸው አምስት ፕሬሚየሮች ቀያይረዋል።

ፕሬዚዳንቱ ብቻውን የሚፈርመው ነገርም ዋጋ የለውም። አንቀጽ 120 የሚኒስትር ፊርማ ያልታከለበት የፕሬዚዳንት ድርጊት ሁሉ ፈራሽ ነው ይላል። ይህች አጭር አንቀጽ ዲሴምበር 7 ቀን 2022 ምን እንዳደረገች ወደ በኋላ እናያለን።

ሕግ የማስቆም ሥልጣኑም ቀጭን ነው። ኮንግረሱ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ማወጅ ወይም ከነአስተያየቱ መመለስ አለበት። ከመለሰው ኮንግረሱ በዚያው በ66 ድምፅ ደግሞ ያጸድቀዋል፤ በቃ። በአሜሪካ ሁለት ሦስተኛ የሚጠይቀው ነገር እዚህ ግማሽ ሲደመር አንድ ብቻ ነው።

ኮንግረሱ ራሱ 130 መቀመጫ ያለው አንድ ምክር ቤት ሆኖ ቆይቷል። ቀድሞ ሴኔት ነበር። የወቅቱ ፕሬዚዳንት አልቤርቶ ፉጂሞሪ ኤፕሪል 5 ቀን 1992 ወታደር አሰልፈው ኮንግረሱን ዘጉ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት ሴኔቱን አስቀረ። ለአንድ ጠንካራ መሪ የተመቸ ምክር ቤት ነበር። መሪው ሲደክም ያው ምክር ቤት በአንድ ስብሰባ ሁሉን የሚጨርስ፣ "እስቲ ቆይ" የሚለው ሁለተኛ አካል የሌለው ጉልበተኛ ሆነ።

"ወንበሩ ባዶ ነው"

ፔሩ ፕሬዚዳንቷን ከሥልጣን "አትሽርም"፤ ወንበሩ ባዶ መሆኑን ታውጃለች። የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። መሻር ክስ፣ ማስረጃ፣ ፍርድ ይጠይቃል። ባዶነትን ማወጅ አንድ ሁኔታ መፈጠሩን ማረጋገጥ ብቻ ነው። አንቀጽ 113 ወንበሩ ባዶ የሚሆንባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ሞት፣ ኮንግረሱ የተቀበለው መልቀቂያ፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር መውጣት ወይም በጊዜው አለመመለስ፣ በአንቀጽ 117 በተጠቀሱት ወንጀሎች ከተቀጡ በኋላ መሰናበት፣ እና "ዘላቂ የአካል ወይም የሞራል ብቃት ማጣት"።

ነገር ሁሉ የሚሾልከው በዚህች የመጨረሻዋ ቀዳዳ ነው። "ሞራል" የሚለው ቃል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕገ መንግሥቶች የተወረሰ ነው፤ በዚያን ጊዜ ስፓኒሽ ከአካል ተቃራኒ የሆነውን፣ የአእምሮን ነገር ይገልጽ ነበር። ብዙ የፔሩ የሕግ ሊቃውንት ሐረጉ የታሰበው አእምሮው ለታወከ መሪ ነው ይላሉ። ዛሬ ግን "ሥነ ምግባር የጎደለው" ተብሎ ይነበባል፤ ሥነ ምግባር የጎደለው ማን እንደሆነ የሚወስኑትም 87 ሰዎች ናቸው። ቪዝካራ ከወረዱ በኋላ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2020 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ጉዳዩ ጊዜው አልፎበታል ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ ቃሉን አልፈታውም። በእኛ ግምት ከአሥር ዓመቱ ቀውስ እጅግ ውድ የሆነው ዝምታ ይህ ነው።

አካሄዱ በኮንግረሱ የአሠራር ደንብ ተቀምጧል። ጥያቄውን ለማቅረብ ከአባላቱ 20 በመቶ፣ ማለትም 26 ፊርማ ያስፈልጋል። ለክርክር ለመቀበል 40 በመቶ ድምፅ ይበቃል፤ ሁሉም ከተገኙ 52። ከዚያ ክርክሩና ድምፁ ከሦስተኛው ቀን በኋላ፣ ከአሥረኛው ቀን በፊት ይደረጋል። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ወይም ከጠበቃ ጋር ቀርቦ እስከ 60 ደቂቃ ይከላከላል። በመጨረሻ ሁለት ሦስተኛ፣ 87 ድምፅ።

ሦስቱ ቀናት ስሜት እንዲበርድ የተቀመጡ ናቸው። ግን ደንቡ አቋራጭም ሰጥቷል፤ አራት አምስተኛው፣ ማለትም 104 አባላት ከተስማሙ ወዲያውኑ መምረጥ ይቻላል። የካስቲዮ ምክትል የነበሩትና እሳቸውን የተኩት ዲና ቦሉዋርቴ የወረዱት በዚህ አቋራጭ ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 2025 ማታ አራት የማውረጃ ጥያቄዎች ተከታትለው ቀረቡ፤ ፕሬዚዳንቷ በዚያው ምሽት መጥተው እንዲከላከሉ ተጠሩ፤ አልመጡም። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ 122 አባላት ድጋፍ ሰጡ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው መንግሥት የማፊያ ዘረፋንና ግድያን መቆጣጠር አቃተው የሚል ነበር። አለመቻል ነው እንጂ የሞራል ጉድለት ነው ማለት ይከብዳል፤ ሆኖም ቃሉ ሁሉን ይሸከማል።

የተሰበረው ጋሻ

ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንቱም መልስ መስጫ ሰጥቶ ነበር። አንቀጽ 134 እንደሚለው ኮንግረሱ በአንድ ዘመኑ ሁለት ካቢኔዎችን ከነቀፈ ወይም የመተማመኛ ድምፅ ከነፈገ፣ ፕሬዚዳንቱ ኮንግረሱን በትኖ በአራት ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ ያስደርጋል። በኮንግረሱ የመጨረሻ ዓመት ይህ አይፈቀድም። በተበተነበት ጊዜ ቋሚ ኮሚሽን የሚባል አነስተኛ የአባላት ቡድን ሥራ ላይ ይቆያል።

መሣሪያው ፀጥ ብሎ ለዓመታት ኖረ። በ2016 ፔድሮ ፓብሎ ኩቺንስኪ በጠባብ ልዩነት ሲያሸንፉ፣ ተሸናፊዋ ኬይኮ ፉጂሞሪ ከ130 መቀመጫ 73ቱን ይዛ ቀረች፤ የኩቺንስኪ ወገን 18 ነበር። ኮንግረሱ በሴፕቴምበር 2017 አንድ ካቢኔ ጣለ። የመጀመሪያው ጥይት ተተኮሰ ማለት ነው። ኩቺንስኪ በዲሴምበር 2017 ከቀረበባቸው የማውረድ ጥያቄ ለጥቂት ተረፉ፤ ከሦስት ወር በኋላ ድምፅ ለመግዛት ሲደራደሩ የሚያሳይ የአጋሮቻቸው ቪዲዮ ሲወጣ ለቀቁ።

ምክትላቸው ቪዝካራ ሁለተኛዋን ጥይት ተጠቀሙባት። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2019 ፕሬሚየራቸው ኮንግረሱ ፊት ቀርበው፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኞች አመራረጥ እንዲሻሻል የመተማመኛ ድምፅ ጠየቁ። ኮንግረሱ ጥያቄውን ወደ ጎን ብሎ ዳኛ መምረጡን ቀጠለ። ቪዝካራም "በድርጊት ነፍጋችሁኛል" ብለው በተኑት፤ ኮንግረሱ ዘግይቶ ያንኑ ቀን መተማመኛውን ቢሰጥም አልተቀበሉትም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2020፣ አሁንም 4 ለ 3፣ መበተኑን ሕጋዊ አለው። የሚቀጥለው ኮንግረስ ግን ቪዝካራን ኖቬምበር 9 ቀን 2020 በ105 ድምፅ አወረዳቸው። ተተኪው ማኑኤል ሜሪኖ በአደባባይ ተቃውሞ የቆዩት አምስት ቀን ነው። ከእሳቸው በኋላ ፍራንሲስኮ ሳጋስቲ ሀገሪቱን እስከ ጁላይ 2021 አደረሷት።

በኦክቶበር 2021 ኮንግረሱ የመተማመኛ ጥያቄ በምን ጉዳይ እንደሚቀርብ የሚያጠብ ሕግ አወጣ፤ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወይም ስለ ኮንግረሱ የራሱ ሥልጣን መጠየቅ ተከለከለ። ፍርድ ቤቱም ሕጉን አጸናው። ጋሻው የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። የማውረጃው ሐረግ ግን እንደተለጠጠ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኮንግረሱ ሰይፍ ይዞ ጋሻ ከሌለው ሰው ጋር ነው የሚጫወተው።

ከሳጋስቲ የተረከቡት ካስቲዮ የወደቁትም ይህን ሚዛን በጉልበት ለመመለስ ሲሞክሩ ነው፤ ሙከራቸው ግን በየትኛውም አንቀጽ የሚደገፍ አልነበረም። ዲሴምበር 7 ቀን 2022 በቴሌቪዥን ቀርበው ኮንግረሱን በተንኩ፣ የሰዓት እላፊ አውጄያለሁ፣ በአዋጅ እገዛለሁ አሉ። ሁለት ካቢኔ አልተነፈገም ነበር። ሚኒስትሮቻቸው በደቂቃዎች ውስጥ መልቀቂያ ማስገባት ጀመሩ፤ ጦሩና ፖሊሱ አንታዘዝም አሉ። ኮንግረሱ ለከሰዓት የቀጠረውን ስብሰባ አፍጥኖ በ101 ድምፅ አወረዳቸው። ወደ ሜክሲኮ ኤምባሲ ሲጓዙ ተያዙ። አንቀጽ 120 አስታውሱ፤ ሚኒስትር ያልፈረመበት ንግግር ከንግግር አያልፍም። ከዚያ በኋላ በአያኩቾና በሁሊያካ በተቃውሞ የተገደሉት ሰዎች ግን የዚህ የሕግ ክርክር ሒሳብ አልነበሩም፤ በደቡቡ ተራራማ ክልል ቦሉዋርቴ ፈጽሞ ያልታረቁት በዚህ ደም ምክንያት ነው።

44 መቀመጫ

እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት ማወቅ ያለበት ቁጥር 44 ነው። 44 ታማኝ አባላት ያሉት ሰው 87 አይሞላበትም። ኩቺንስኪ 18 ነበራቸው። ቪዝካራ በ2020ው ኮንግረስ የራሳቸው ወገን አልነበራቸውም። የካስቲዮ ፓርቲ 37 አሸንፎ ነበር፤ ሰባት ጎደለ፤ እሱም ብዙም ሳይቆይ ተሰነጣጠቀ። ቦሉዋርቴ ከፓርቲያቸው ቀድመው ተባርረው ስለነበር በሌሎች ይሁንታ ነው ሦስት ዓመት ሊሞላ የቀረበ ጊዜ የኖሩት፤ ምርጫ ሲቀርብ ያ ይሁንታ ለማንም የማይጠቅም ሸክም ሆነ።

44 ለምን አይገኝም? መልሱ በምርጫው ቀን አቀማመጥ ውስጥ ነው። ፕሬዚዳንት ለመሆን በሁለተኛው ዙር ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ኮንግረሱ ግን የሚመረጠው ከመጀመሪያው ዙር ጋር በአንድ ቀን ነው። በ2021 ካስቲዮ በመጀመሪያው ዙር ያገኙት 19 በመቶ የማይሞላ ድምፅ ነው፤ ኬይኮ ፉጂሞሪ ደግሞ 13 በመቶ ገደማ። የኮንግረሱ መልክ የተቀረጸው በዚያ የተበጣጠሰ ቀን ነው። ሁለተኛው ዙር ፕሬዚዳንቱን የ50 በመቶ ሰው አስመሰለው፤ ያሸነፉት በ44 ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት ነበር፤ ወንበሮቹ ግን የ19 በመቶ ሆነው ቀሩ። በ2026 ደግሞ የተመዘገቡት የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ከ30 በላይ ነበሩ። የምርጫ ወረቀቱ አምስት ዓምድ ያለው ትልቅ ሰሌዳ ሆነ፤ አንዱ ለፕሬዚዳንትና ለምክትሎቹ፣ ሁለቱ ለሴናተሮች፣ አንዱ ለተወካዮች፣ አንዱ ለአንዲያን ፓርላማ (የአካባቢው ሀገሮች የጋራ ምክር ቤት)።

75ቱ ድምፅ ከየት መጣ

ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንቱ ሁለት ምክትሎች ይሰጠዋል። "ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚለው የአማርኛ ተረት ሐሳቡን በትክክል ይገልጸዋል። ሁለቱም ከሌሉ ተረካቢው የኮንግረሱ አፈ ጉባኤ ነው፤ ወዲያውም ምርጫ ይጠራል። የካስቲዮ ወገን ከጅምሩ አንድ ባላ ብቻ ነበረው፤ ሁለተኛ ምክትል ሆኖ የቀረበውን የፓርቲውን መሪ የምርጫ ፍርድ ሸንጎው ከዝርዝሩ አውጥቶታል። ስለዚህ ቦሉዋርቴ ሲወርዱ ሥልጣኑ በቀጥታ በወቅቱ አፈ ጉባኤ ወደነበሩት ወደ ሄሪ ሄደ።

አፈ ጉባኤ ሆኖ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ደግሞ የቆመው በአፈ ጉባኤነቱ ላይ ነው። አፈ ጉባኤን መንቀፍ 87 አይጠይቅም፤ ተራ የድምፅ ብልጫ ይበቃል። ሄሪ ከአንድ ቻይናዊ ነጋዴ ጋር ከአጀንዳ ውጭ መገናኘታቸው ሲጋለጥ ኮንግረሱ ፕሬዚዳንቱን አልነካም፤ አፈ ጉባኤውን ነቀፈ። መሠረቱ ሲነሣ ጣሪያው አብሮ ወረደ። አንዳንድ የሕግ ባለሙያዎች፣ የሪፐብሊክ ፕሬዚዳንትን ሥራ የሚሠራ ሰው በየትኛውም በር ቢገባ መውጫው 87 ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

ያልተናጋው ክፍል

ይህ ሁሉ ሲሆን ሶል የሚባለው ገንዘብ አልፈረሰም። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። በ1990 የዋጋ ንረት ከ7,000 በመቶ በላይ ደርሶ ስለነበር የ1993ቱ ሕገ መንግሥት ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዳያበድር በግልጽ ከለከለ። ገዥው ሁሊዮ ቬላርዴ ከ2006 ጀምሮ በቦታቸው ናቸው፤ ስንት ፕሬዚዳንት አሳልፈዋል! ሰባቱን የቦርድ አባላት የሚመርጡት ቤተ መንግሥቱና ኮንግረሱ ተካፍለው ነው። የኮንግረስ አባላትም ወጪ የሚጨምር ሕግ እንዳያመነጩ አንቀጽ 79 ይከለክላል፤ በቅርብ ዓመታት ይህን አጥር በተለያየ ዘዴ ሲዘሉት ይታያል እንጂ።

በጀቱም የሚያመልጥ አይደለም። መንግሥት ረቂቁን እስከ ኦገስት 30 ያቀርባል፤ ኮንግረሱ እስከ ኖቬምበር 30 ካላጸደቀ የመንግሥቱ ረቂቅ እንዳለ ይጸናል። ፕሬዚዳንት ቢኖርም ባይኖርም ደመወዝ ይከፈላል። ከማዕድን ኩባንያዎች የገቢ ግብር ግማሹም ማዕድኑ ወደሚወጣባቸው ክልሎችና ማዘጋጃ ቤቶች ይመለሳል፤ እዚያ ያለው ችግር ገንዘብ ማጣት ሳይሆን ማውጣት አለመቻል ነው።

ሴኔቱ ተመለሰ

ሕዝቡ በዲሴምበር 2018 ውሳኔ ሕዝብ ሁለት ምክር ቤት ይኑር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ 90 በመቶ ገደማው እምቢ አለ። የኮንግረስ አባላት ተከታትለው እንዳይመረጡ የሚለውን ግን አጸደቀ። ማሻሻያ የሚደረግበት ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ኮንግረሱ በሁለት ተከታታይ መደበኛ የስብሰባ ወቅቶች በእያንዳንዱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ካገኘ ሕዝቡን መጠየቅ አያስፈልገውም። በማርች 2024 በዚህ መንገድ ሁለቱንም ገለበጠው፤ ሴኔቱ ተመለሰ፣ ዳግም መመረጥም ተፈቀደ።

በአዲሱ አደረጃጀት 130 ተወካዮችና 60 ሴናተሮች ይኖራሉ። ከሴናተሮቹ ግማሹ በሀገር አቀፍ ዝርዝር፣ ግማሹ በየምርጫ ክልሉ ይመረጣሉ፤ ዕድሜያቸው ቢያንስ 45 ወይም ቀድሞ የኮንግረስ አባል የነበሩ መሆን አለባቸው። ወንበር ለማግኘት አንድ ፓርቲ ቢያንስ 5 በመቶ ድምፅ ይፈልጋል። አዲስ የተሾመ ፕሬሚየር ከእንግዲህ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ፖሊሲውን ያብራራል እንጂ የመተማመኛ ድምፅ አይለምንም። ይህ ጥሩ ነው፤ አንድ የግጭት ምክንያት ይቀንሳል።

ቀሪው ግን ሥልጣኑን ወደ ላይ ያከማቻል። ተወካዮች ያጸደቁትን ረቂቅ ሴኔቱ ማሻሻል ወይም መጣል ይችላል፤ የጣለው ረቂቅ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ወደ ተወካዮቹ ተመልሶ የሚታይበት ዕድል የለም። ፕሬዚዳንቱ ሊበትን የሚችለው ተወካዮቹን ብቻ ነው፤ ሴኔቱ አይበተንም። የተሰበረው ጋሻ ስለዚህ ቢጠገን እንኳ የሚመክተው ደካማውን ወገን ነው። "የሞራል ብቃት ማጣት" የሚለው ሐረግም ሳይፈታ አልፏል።

የምርጫው የመጀመሪያ ዙር ለኤፕሪል 12፣ ሁለተኛው ለጁን 7፣ ርክክቡ ለጁላይ 28 ቀን 2026 ተቆርጧል። የክልልና የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ኦክቶበር 4 ይከተላል። ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው በእነዚህ ቀናት ላይ ነው፤ እኛ ግን 2027ን እንጠብቃለን። በሜይ 2022 የተሾሙት ስድስት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኞች የአምስት ዓመት ዘመናቸው የሚያበቃው ያኔ ነው። በ2020 ቃሉን ሳይፈታ በአንድ ድምፅ ብልጫ መዝገቡን የዘጋው ፍርድ ቤት ሰባት መቀመጫ ብቻ ነው ያለው፤ ከሰባቱ ስድስቱን የሚመርጠው አዲሱ ሴኔት ይሆናል፤ በ40 ድምፅ።